ጥፋቱ የሥራ ነው ወይስ የግል? የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ጉዳት ሲያደርስ ስለሚጠየቀው ወገን የተደረገ ውይይት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ጠበቆች፣ የሕግ ተማሪዎችና የፍትሕ ነገር የሚገዳቸው ነዋሪዎች በሚወያዩበት መድረካችን ሰሞኑን አንድ ክር (በአንድ ርእስ ላይ የተያያዘ ውይይት) ተከፍቶ ብዙ ምላሽ ተከታትሎበታል። የመክፈቻውን ሐሳብና መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የተደጋገመውን በአጭሩ አልፌ ክብደት አለው ባልኩት ላይ ረዘም አድርጌ ቆሜአለሁ፤ የራሴንም አስተያየት በየቦታው አልደበቅሁም።

ክሩን የከፈተው ወጣት የጻፈው ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ነው። አሽከርካሪው አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአንድ ኬላ ቁም ይባላል፤ ቆሞ መንጃ ፈቃዱን በማውጣት ላይ ሳለ የፌዴራል መንግሥት ባልደረባ የሆነ የጸጥታ አባል ክንዱን በሰደፍ ይመታውና አጥንቱ ይሰበራል። አድሮ በማግስቱ ያለ ምንም ክስ ሂድ ተብሏል። ባጃጇ በብድር የተገዛች ስለሆነች ወርኃዊ ክፍያው ግን አልቆመለትም። ወጣቱ ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ነገር በእርግጠኝነት ተናገረ። የፌዴራል ባልደረባን የክልል ፍርድ ቤት ሊዳኘው ስለማይችል ባሕር ዳር ላይ ሆኖ መክሰስ የማይታሰብ ነው አለ። ቀጥሎም ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ ቢደርስ ኖሮ ተጎጂው ባለሥልጣኑን በስሙ ከስሶ በቀላሉ ይካስ ነበር አለ። ሁለቱንም አባባሎች በየሻይ ቤቱ እንሰማቸዋለን፤ ሁለቱም ትክክል አለመሆናቸው ክሩን አስረዘመው።

ቁጥር 1 ከአንዲት ነርስ የመጣ መልስ ነው። እግዜር ይማረው ብላ ከጀመረች በኋላ ወደ ሕጉ ሳትገባ የማስረጃውን ነገር ያዘች። ከመንግሥት ሆስፒታል የጉዳት ማስረጃ እንዲወጣ፣ የራጅ ፊልሙ እንዳይጣል፣ የመድኃኒትና የሕክምና ደረሰኝ በሙሉ እንዲሰበሰብ፣ በዚያች ሰዓት ባጃጇ ውስጥ የነበሩ ተሳፋሪዎች ስልክ እንዲያዝ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይረሳ እንዲጻፍ መከረች። በኋላ የመጡት ጠበቆች ወደዚህ መልስ እየተመለሱ አመስግነዋታል፤ የብዙ ሰው አቤቱታ ፍርድ ቤት ደርሶ የሚወድቀው እነዚህን ወረቀቶች በማጣት ነውና።

በቁጥር 2 አንዲት ጠበቃ የወጣቱን የመጀመሪያ አባባል በትሕትና አረመች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 ላይ ማንኛውም የመንግሥት ሹም ወይም ሠራተኛ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ እንዲክስ ያዛል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት በሆነ ጊዜ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን ዞሮ ከአጥፊው ሠራተኛ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ፣ አለች፣ ሕግ የለም ብሎ መነሣት ተጎጂውን ገና ከደጁ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

ቁጥር 3 ስለ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነበር፤ ይዘቱ ትክክል፣ አነጋገሩ ግን ኮስታራ ነበር። ጸሓፊው ወጣቱን ሳታነብ አትጻፍ ብሎ ከገሠጸ በኋላ ነገሩን አብራራ። የፌዴራል መንግሥት አካል ወገን የሆነበት ወይም የፌዴራል ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሚጠየቅበት ክርክር በርግጥ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይዘው ይሠራሉ። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንዳንድ ክልሎች ሲቋቋም ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት አፋር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላ፣ ሶማሌና ደቡብ ነበሩ፤ አማራ ክልል አልገባም። ስለዚህ ባሕር ዳር የደረሰ ጉዳት እዚሁ ባሕር ዳር በከፍተኛው ወይም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይታያል፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ወጣቱ ወዲያው አመሰገነ። ግሣጼው ግን ባይኖር መልካም ነበር፤ ይህን የውክልና ነገር የማያውቅ የተማረ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል።

ከዚያ ቁጥር 4 መጣና የውይይቱን ድምፅ ለወጠው። ጸሓፊው አንቀጽ መቁጠር ለተሰበረ ክንድ መጠገኛ እንደማይሆን በምሬት ገለጸ። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ የደረሰውን እልቂት እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ማረጋገጡን አስታወሰ፤ ከእነዚያ ቤተሰቦች መካከል በቁጥር 2126 ካሳ የተፈረደለት ካለ ጠበቃዋ ታሳየኝ ሲልም ጠየቀ። እሷ አልመለሰችለትም። እኔም በዚህ ሰው አልፈርድበትም፤ ጥያቄው የሕጉን መኖር የሚክድ ሳይሆን ሕጉ የተጎጂውን ደጅ ማንኳኳቱን የሚጠይቅ ነው።

በቁጥር 5 ላይ የመጡት በጡረታ ያሉ ዳኛ ሲሆኑ፣ ለእኔ የክሩ ልብ ከዚህ ይጀምራል። ጋሼ በመድረካችን የሚከበሩት ቀስ ብለው ስለሚያስረዱ ነው። ጠበቃዋ የጠቀሰችው ድንጋጌ ቀጣዩን ቁጥር 2127ን ሳይዝ ሙሉ እንዳልሆነ ገለጹ። ሕጉ ጥፋትን ለሁለት ይከፍለዋል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ወሰን ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቡና አምኖ ያደረሰው ጥፋት የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የግል ጥፋት ነው። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስም ሠራተኛው በቅን ልቡና እንደሠራ ይገመታል። ብዙ ሰው፣ ጠበቆችም ጭምር፣ ይህን ግምት ለፖሊሱ የተሰጠ ጋሻ አድርገው እንደሚያዩት ጋሼ ታዝበዋል። እሳቸው ግን ግምቱ ለተጎጂው የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ነው ይላሉ። የባጃጁ አሽከርካሪ መንግሥትን ሲከስ የመታውን ሰው ልብ መርምሮ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ መመታቱንና የመታው ሰው በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ባልደረባ መሆኑን ካስረዳ ቅን ልቡናው ስለሚገመት ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ይሆናል፣ መንግሥትም ይጠየቃል። ከዚህ ኃላፊነት ማምለጥ የሚፈልግ የመንግሥት ጠበቃ የራሱ ባልደረባ በክፋት እንደሠራ የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል።

ይህን ትርጓሜ ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ከሕጉ ቃል ጋር ይሄዳል፤ አንድ ምስኪን ከሳሽ የማያውቀውን ሰው ኅሊና እንዲመረምር የማያስገድድ ስለሆነም ፍትሐዊ ነው።

በቁጥር 6 አንዲት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ጋሼን ካመሰገነች በኋላ ማንም ያላሰበውን ቀዳዳ አሳየች። ድርጊቱ ግልጽ ጭካኔ በሆነ ጊዜ፣ ለምሳሌ እጁ የታሰረ ሰው ሲደበደብ፣ ቅን ልቡና ነበረ ብሎ የሚቀበል ዳኛ አይገኝም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የግል ይሆናል፤ ጥፋቱ የግል ሲሆን ደግሞ መንግሥት ተጠያቂ እንደማይሆን ሕጉ በግልጽ ይናገራል። ተጎጂው የሚቀርለት የአንድ ተራ ፖሊስ ደመወዝ ነው። በስሕተት የተመታ ሰው ከመንግሥት ካዝና ሲካስ፣ ሆን ተብሎ የተገረፈ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በደሉ በከፋ ቁጥር ካሳው እየራቀ የሚሄድበት ሕግ እንዴት ሕግ ይባላል ስትል ጠየቀች። ጋሼ ጥያቄዋ ተገቢ መሆኑን በአንድ መስመር ብቻ መስክረው ለማሰብ ጊዜ ጠየቁ።

ቁጥር 7 በባሕር ዳር ተወልዶ አሁን በአሜሪካ በሜሪላንድ ከሚኖር ወንድም ነው፤ የወጣቱን ሁለተኛ አባባል ለማረም ገባ። በዚያ አገር የክልል ወይም የከተማ ፖሊስን በሕገ መንግሥታዊ መብት ጥሰት ለመክሰስ የሚያስችለው ከ1871 እ.ኤ.አ. የመጣ ሕግ የፌዴራል ባልደረቦችን አይነካም። ለእነሱ መንገድ የከፈተው በ1971 እ.ኤ.አ. በቢቨንስ ጉዳይ የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር፤ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሶች ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ መያዣና ያለ መበርበሪያ ፈቃድ ቤቱ ገብተው በሚስቱና በልጆቹ ፊት በካቴና ያሰሩት ሰው ክስ ነው። በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. ሁለት ጉዳዮች ተጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፍርድ ቤቱ በሩን እያጠበበው መጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከድንበር ማዶ ሳለ በድንበር ጠባቂ ጥይት የተገደለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወላጆች ክስ ተቀባይነት አጣ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢግበርት ጉዳይ በ6 ለ 3 ድምፅ፣ አዲስ ዓይነት ክስ መፍቀድ የምክር ቤቱ እንጂ የፍርድ ቤቱ ሥራ አይደለም የሚል አቋም ተያዘ። ስለዚህ፣ አለ ይህ ወንድም፣ ያ ባጃጅ ነጂ እዚህ ቢሆን የመታውን የፌዴራል ባልደረባ በስሙ ከስሶ የሚረታበት ዕድል እጅግ የጠበበ ነው።

በቁጥር 8 ራሱ ተመልሶ ሌላኛውን መንገድ ጨመረ፤ የተማሪዋን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካውም ይህ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሰው ሠራተኛውን ትቶ ራሱን የፌዴራል መንግሥት እንዲከስ ይፈቅዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ መቅረብ አለበት፤ የሕዝብ ዳኞች አይቀመጡበትም፤ የቅጣት ካሳም አይፈረድበትም። ያ ሕግ ሲወጣ ግን ሆን ተብሎ የሚፈጸም ድብደባን፣ ሕገ ወጥ እስርንና የመሳሰለውን ከመንግሥት ኃላፊነት አውጥቶ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በኮሊንስቪል ከተማ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሶች በስሕተት የማይመለከታቸውን ቤቶች ሰብረው ገብተው ቤተሰቦችን አሸበሩ፤ በሕዝብ ቁጣ የተነሣም ምክር ቤቱ በ1974 እ.ኤ.አ. ሕጉን አሻሻለ። የምርመራና የሕግ ማስከበር ሥልጣን ያላቸው ባልደረቦች ሆን ብለው ለሚፈጽሙት ድብደባና ሕገ ወጥ እስር መንግሥት እንዲጠየቅ ተደረገ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ከተማ ንጋት ሳይቀድ የኤፍቢአይ ቡድን ቤት ተሳስቶ የገባባቸው ቤተሰቦች ክስ በታች ፍርድ ቤቶች ተዘግቶ ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ ወደ ታች መልሶ እንደገና እንዲታይ ያዘዘው በዚሁ ሕግ ሥር ነው።

ተማሪዋ ያሳየችውን ቀዳዳ ሌላ አገር ከሃምሳ ዓመት በፊት አይቶት በአንድ አንቀጽ ደፍኖታል። ከዚህ ክር ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ሆኗል፤ የእኛ ምክር ቤትም ይህን ያህል ማድረግ አያቅተውም።

ቁጥር 9 በዚህ ተቆጣ። በየነገሩ አሜሪካን መጥቀስ አገርን መናቅ ነው፣ እኛ ከእነሱ በፊት ፍትሐ ነገሥት የነበረን ሕዝብ ነን፣ ውጭ ተቀምጦ ምክር መላክም ቀላል ነው ሲል ጻፈ። የሜሪላንዱ ወንድም አሜሪካን ያነሣው ራሱ ክሩ ከፋቹ መሆኑን፣ እሱ ደግሞ ያደረገው ውዳሴውን ማረም ብቻ መሆኑን በቁጥር 10 በቅሬታ መለሰ። ሁለቱ ጥቂት ከተወራወሩ በኋላ እኔ በቁጥር 11 ገብቼ ቁጥር 9 ከተማሪዋ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ሐሳብ ካለው እንዲያቀርብ ጠየቅሁ። አላቀረበም።

በቁጥር 12 ጋሼ አስበውበት ተመለሱ። የሥራና የግል ጥፋት ክፍፍሉ የመጣው ከፈረንሳይ የአስተዳደር ሕግ መሆኑን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ሬኔ ዴቪድ የዚያ አገር ሊቅ እንደነበሩ አስታወሱ። ነገር ግን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በክፍፍሉ ግትር ሆነው አልቆዩም። በ1918 እ.ኤ.አ. በለሞኒዬ ጉዳይ አንዲት ሴት በወንዝ ዳር ስትሄድ ለገጠር በዓል ከማዶ በተዘጋጀ የተኩስ ውድድር በባከነ ጥይት ትቆስላለች፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም የከንቲባው ጥፋት የግል ቢባል እንኳ የተፈጸመው በሥራው አጋጣሚ ስለሆነ ከሥራው ተነጥሎ ሊታይ አይችልም፣ አስተዳደሩም ይጠየቃል ብሎ ወሰነ። የእኛ ሕግ የክፍፍሉን አጥር ወስዶ በአጥሩ ላይ የተከፈተውን በር አላስገባም፤ በጋሼ አስተያየት ይህን በር መክፈት ያለበት ሕግ አውጪው ነው። እስከዚያው ግን ጠበቃ የሆነ ሰው ሁለቱንም፣ ባልደረባውንም መንግሥትንም፣ በአንድ ክስ እንዲያጣምር መከሩ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከሳሽ ካሳውን ከማን እንደሚያገኝ ሲጠራጠር ተከሳሾችን እንዲያጣምር ይፈቅድለታል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱ ተከሳሾች በዳኛ ፊት እርስ በርሳቸው ይከራከሩበት።

ቁጥር 13 ተግባራዊ ችግር አነሣ። መታወቂያ ቁጥር ደረቱ ላይ ያላደረገ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው እንዴት በስም ይከሰሳል? ጠበቃዋ በቁጥር 14 የመለሰችው ከጋሼ ትንታኔ ተነሥታ ነው። ባልደረባውን ለመክሰስ ስሙ የግድ ያስፈልጋል፤ መንግሥትን ለመክሰስ ግን የመንግሥት ባልደረባ መሆኑን ማስረዳት ይበቃል፤ ደንብ ልብሱ፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳ፣ የኬላው ተረኞች ዝርዝር፣ የተሳፋሪዎች ምስክርነት ሁሉ ለዚህ ያገለግላሉ። የተረኞችን ዝርዝር መሥሪያ ቤቱ እንዲያቀርብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስጠየቅም ይቻላል። የቢቨንስ ጉዳይ ሙሉ ስያሜ ራሱ ስማቸው ባልታወቀ ስድስት ባልደረቦች ላይ የቀረበ ክስ እንደሚል ጨምራለች። ለእኔ ግን ቁጥር 13 የጠቀሰው ነገር ከክርክር ዘዴ ያለፈ ነው። መሣሪያ ይዞ ዜጋን የሚያቆም ሰው ቁጥሩ በግልጽ መታየት አለበት፤ ይህ ከሌለ የተቀረው ሕግ ሁሉ በጨለማ የተጻፈ ይሆናል።

ቁጥር 15 ያልተጠበቀ ነበር። የቀድሞ የፖሊስ ባልደረባ ነኝ ያለ ሰው ገና ሲጀምር ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ። ኬላ ላይ የሚቆመው ልጅ እንቅልፍ ያጣ፣ ከቀናት በፊት ጓደኛውን የቀበረ፣ የሚመጣው ተሽከርካሪ ምን እንደያዘ የማያውቅ መሆኑን ሰው እንዲረዳለት ፈለገ። ድብደባውን አልደገፈም። የሚፈራው ግን ኃላፊነቱ በሙሉ በተራው ፖሊስ ትከሻ ላይ ሲጫን አዛዦች ነጻ መውጣታቸውን ነው። ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ለእሱም እንደሚስማማው ገለጸ። ቁጥር 16 ለገዳይ እንድናዝን አትጥሩን ብሎ በቁጣ መለሰለት፤ የባጃጅ አሽከርካሪው ጉዳይ ላይ የሞተ ሰው የለም፣ ቃሉም ያለ ቦታው የወደቀ ነው። ተማሪዋ በቁጥር 17 ሁለቱንም ወደ ሕጉ መለሰቻቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 የበላይ ትእዛዝ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመን የበታች አያድንም። አንቀጽ 424 በተያዘ ሰው ላይ ጭካኔ የፈጸመን የመንግሥት ሠራተኛ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ ያን ያዘዘውን ሹም ግን እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ሕጉ አዛዡን ከፈጻሚው አብልጦ እንደሚቀጣ የቀድሞው ባልደረባ አላወቀም ነበር፤ አመስግኖ አለፈ።

ቁጥር 18 ከደቅ ደሴት አካባቢ የመጣና ከነገሩ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነበር። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለጉዞ የሚያስፈልገውን ተገቢ ጊዜ አይቆጥርም፤ ጀልባ በየቀኑ በማይገኝበት ደሴት ይህ ጊዜ ስንት ነው ሲል ጠየቀ። ጠበቃዋ ተገቢ የሚለው ቃል የሚለካው በመንገዱ እንጂ በአሳሪው ፈቃድ አለመሆኑን፣ የዘገየ እንደሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሊቀርብ እንደሚችል በቁጥር 19 አስረዳች። በዚያው መልስ ላይ ሌላ ሰው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ጸንቶ ስለነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያነሣውን ጥያቄ መለሰች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 አስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገዱ የማይችሉ ያላቸውን መብቶች ሲዘረዝር አንቀጽ 18ን፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅን መብት፣ ጨምሮ ይዟል።

በቁጥር 20 ላይ የጻፈችው እኅት ስለ ሕግ አልተከራከረችም። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር የሆነውን ጠቅሳ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2009 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት በዚያን ጊዜ ሁከት በሦስት ክልሎች ከሞቱት 669 ሰዎች 140ው በአማራ ክልል እንደነበሩ አስታወሰች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጠች፤ ልጇ የሞተባት እናት የመክሰሻ ጊዜዋ አልፏል ወይ? ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም። በመጨረሻ ጋሼ በቁጥር 21 በጥንቃቄ መለሱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ የወንጀል ድርጊት ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም ይርጋ ከወሰነለት ግን ያ ረጅሙ ጊዜ ይጸናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርንና ማሠቃየትን የመሳሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም። ለወላጅ የሚገባው የካሳ ዓይነትም በቁጥር 2095 የመተዳደሪያ ካሳ ነው። ከዚህ በላይ ሊያጽናኗት አልሞከሩም፤ ይህን ማድረጋቸውን አከበርሁላቸው።

ቁጥር 22 የካሳውን መጠን አነሣ። የባጃጅ አሽከርካሪ የገቢ ደረሰኝ የለውም፤ ለዚህ ቁጥር 2102 ዳኛው የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ሲያቅት በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። የሚያሳዝነው የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው። በቁጥር 2116 መሠረት ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ቀን የቤት አስቤዛ አያልፍም። በሰደፍ ተመትቶ በልጆቹ ፊት የተዋረደ ሰው ውርደት በዚህ ሲለካ የሚሰማኝን ቁጣ ለመደበቅ አልፈልግም። ስድሳ ዓመት ያልተነካው ይህ ጣሪያ ከሁሉ ቀድሞ መነሣት ያለበት ነው።

ቁጥር 23 ጠበቆች የሚያወሩት ገበያ ለማግኘት ነው የሚል ክስ ነበር። ጠበቃዋ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ገልጻ፣ ለአሽከርካሪው አቤቱታውን እሷ ራሷ ያለ ክፍያ እንደምትጽፍለት በቁጥር 24 አስታወቀች። ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክሱን አልመሠርትም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ተበዳዩም በ15 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያስገድደው ማመልከት እንደሚችል፣ በወንጀል ነጻ የመባል ውሳኔም የካሳውን ክስ የሚሰማውን ዳኛ በቁጥር 2149 መሠረት እንደማያስገድደው ጨመረች። ቁጥር 23ን የጻፈው ሰው ተመልሶ አልጻፈም።

የመጨረሻዎቹ መልሶች በተማሪዋ ረቂቅ ዙሪያ የተደረጉ ናቸው። በቁጥር 25 ለ2126 ማሻሻያ የሚሆን አንቀጽ አቀረበች፤ ሐሳቡም የሕግ ማስከበር ሥልጣን ያለው ሠራተኛ በደንብ ልብሱ ወይም በመሣሪያው ተጠቅሞ ጉዳት ሲያደርስ፣ ጥፋቱ የግል ቢሆንም፣ መንግሥት ለተጎጂው አስቀድሞ ይክፈል የሚል ነው። ጋሼ ሲቪል ለብሶ የሚያስርም ስላለ ደንብ ልብስ የሚለው ወጥቶ ሥልጣኑ ያስገኘለት አጋጣሚ በሚል እንዲተካ በቁጥር 26 አሳሰቡ። ጠበቃዋ መንግሥት ከአጥፊው ሊያስመልስ ይችላል የሚለው ማስመለስ አለበት ተብሎ እንዲጠነክር በቁጥር 27 ጠየቀች፤ አለዚያ ግብር ከፋዩ እየከፈለ አጥፊው ከነማዕረጉ ይኖራል። የቀድሞው ባልደረባ በቁጥር 28 ይህን የሚቀበለው ትእዛዙን የሰጠው አዛዥም በማስመለሱ እኩል ድርሻ እንዲይዝ ከተደረገ ብቻ መሆኑን ጻፈ። ጋሼ እኩል የሚለው ቃል ለዳኛው ፍርድ ቦታ እንደማይተው ገልጸው እንደየጥፋታቸው መጠን እንዲባል መከሩ፤ ተማሪዋም በዚሁ መሠረት አስተካክላ ረቂቁን በቁጥር 30 ላይ እንደገና አስፍራለች። የቀድሞው ባልደረባ እስካሁን አልተስማማም።